ጤዛ የሚያራግፈው ገመድ

ባቲስታ ኦዴኒኖ በእጃቸው ዳስሰው ካልመረጡት ተክል የወጣ ዘር ለማንም አይሰጡም ነበር። ሚኬሌ ቡርዚዮ የአንድ ዓመት ምርታቸውን አሽትተው፣ ሻጋታ ሻጋታ ስለ ሸተታቸው ብቻ፣ ገዢዎቹ ቆመው እያዩ በእሳት አቃጥለውታል። የአያቴ አያት ዶሜኒካ ካቫሊያ ደግሞ ጤዛ ከረገፈ በኋላ ከአልጋው የሚነሳ ሰው የዘር ማሳ እንዳይረግጥ ደንግገው ነው ያለፉት። በካርማኞላ ሜዳ፣ በፖ ወንዝ ዳር፣ ለእኛ ለካናፓ አብቃዮች ልጆች ሕግ ማለት እነዚህ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የካህኑን ስብከት የሚረሳ ሞልቶ ነበር፤ የእነሱን ደንብ የረሳ ሰው ግን አላየሁም።

ካናፓ የምንለው ተክል ዛሬ ጋዜጦች ካናቢስ የሚሉት ነው። ስሙ ሲነሣ የዘመኑ ሰው ጭሱን ያስባል፤ እኛ ገመዱን ነበር የምናስበው። የምንለብሰው ሸሚዝ፣ የምንተኛበት አንሶላ፣ በሬ የምንስብበት ገመድ፣ ሬሳ የምንገንዝበት ጨርቅ ሳይቀር ከእርሱ ይፈተል ነበር። ለቃጫ የሚዘራው በነሐሴ ታጭዶ ያልቃል። ለዘር የሚተወው ግን ተራርቆ ተተክሎ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ፍሬው የሚበስለው በአናቱ ላይ በተጠቀጠቀው አበባ ውስጥ ነው። የመፀው ዝናብና ጉም ሲመጣ ያ አናት ውሃ ይይዛል፤ ውሃ የያዘ አናት ደግሞ ከውስጥ ይሻግታል፤ ከውጭ ሲታይ ገና አረንጓዴ ነው። የዚህ ተክል ዘር ብዙ ዓመት አይቀመጥም። በየዓመቱ ካልተዘራ ይሞታል። ስለዚህ የአንድ እርጥብ መፀው ሻጋታ አባት ለልጅ ሲያወርሰው የኖረውን ዘር ከነሥሩ ሊያጠፋ ይችላል።

የታናሽ ወንድሜ የልጅ ልጅ ኒኮሎ ዘንድሮ በዚያው በወንዙ ዳር ማሳችን ላይ ካናፓ ተክሏል፤ ሕግ የፈቀደውን፣ የማያሰክረውን ዓይነት። ዝናቡ ሲጀምር በብረት ቅስት ላይ ነጭ ላስቲክ ወጥሮ፣ ጎንና ጎኑን እስከ መሬት ዘጋው። ሄጄ አየሁት። ላስቲኩ ከውስጥ አልቦት ጠብታው ይንጠባጠብ ነበር።

«ጎኑን ክፈተው» አልኩት።

«እትዬ ኤርሚኒያ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ላስቲክ አልነበረም እኮ!» ብሎ ሳቀ።

ከማንም ጋር በመንገድ ላይ መከራከር ልማዴ አይደለም። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እውነት ነው፣ ያኔ ላስቲክ አልነበረም። አንሶላ ግን ነበር።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናትና አባቴ በቶሪኖ የመኪና ፋብሪካ ይሠሩ ስለ ነበር የማድገው ከአባቴ አባት ከሴኮንዶ ካቫሊያና ከአጎቴ ሚስት ከጊቲን ጋር ነበር። አባቴ ኤርኔስቶ እሑድ እሑድ በባቡር ይመጣል። አጎቴ ታቪዮ ግን አይመጣም። እሱ ከምድጃው በላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ውስጥ፣ ላባ የተሰካበት የወታደር ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሊስቅ ሲል የቆመ ሰው ነበር። የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ «ሩሲያ ተልኮ» ይሉኛል። እኔም ጨው ለመግዛት ሱቅ እንደምላክ ሁሉ እሱም ተልኮ የዘገየ መሰለኝ። ሩሲያ ከሳሉዞ ቀጥላ ያለች የገበያ ከተማ ናት ብዬ አምን ነበር። በረዶ እንደሚበዛባት ሰምቻለሁና፣ መንገዱ እስኪጠረግለት ነው የሚጠብቀው እያልኩ አልጨነቅም።

አያቴና ጊቲን አይነጋገሩም ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፤ ቃላቸው ግን በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

«ኤርሚኒያ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ይጠጡት ብለሽ ለአያትሽ ንገሪያቸው» ትላለች ጊቲን፣ አያቴ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው እያዩዋት።

«ጨው አንሶታል በያት።»

«ጨው ቀንሱ ብሎ ሐኪሙ መናገሩን አስታውሺያቸው።»

«ሐኪሙ የእሷን ሾርባ ቀምሶ አያውቅም በያት።»

እኔም አንገቴን ወዲያና ወዲህ እያዞርኩ አንዱንም ቃል ሳላጎድል አደርሳለሁ። ልጅ በየቤቱ የሚቀመጠው ለዚህ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

በዘር ማሳው መካከል ከሁሉ የገዘፈች አንዲት ተክል ነበረች። ጊቲን ሥራ ስትጨርስ ሄዳ አጠገቧ ትቆማለች፤ የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠሰች አየር ታስገባላታለች። አንድ ቀን እንደዚያ ቆማ ሳለች ተከትያት ሄድኩ።

«ይቺ የታቪዮ ናት» አለችኝ። «እሷን ማንም አይነካትም።»

ምን ማለቷ እንደ ሆነ ያወቅሁት አድጌ ነው። ታቪዮ ወደ ሩሲያ ጦር ግንባር ከመሄዱ በፊት በነበረው መፀው፣ በተጋቡ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ዘር የሚወሰድባቸውን እናት ተክሎች መርጦ ነበር። ጊቲን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያንን ዘር ዘርታ፣ ከሚበቅለው ምርጡን ለይታ፣ እንደ ገና ለመጪው ዓመት ታስቀምጣለች። ልጅ አልወለዱም። መቃብርም አልነበረውም። ከእሱ እጅ የቀረላት ያ ዘር ብቻ ነበር። እኔ ግን ቃሏን እንዳለ ወስጄ፣ ተክሏ ቆማ እስካለች ድረስ ታቪዮ በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው ብዬ አመንኩ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ከነሐሴ ማለቂያ ጀምሮ አላቋርጥ አለ። ወንዙ ደፈረሰ። የግቢው ግንብ አረንጓዴ አበቀለ፤ የዳቦ ማስቀመጫው ሣጥን ሳይቀር መሽተት ጀመረ። አያቴ ትኩሳት ይዟቸው አልጋ ላይ ዋሉ። ሲቃዡ «አየር፣ አየር» ይሉ ስለ ነበር እኔ መስኮት እከፍትላቸው ነበር፤ ጊቲን ትዘጋዋለች።

አንድ ጠዋት ጊቲን በአልጋዋ እግርጌ ያለውን የእንጨት ሣጥን ከፈተች። ሳይነካ የኖረው የሙሽርነቷ አንሶላ በሙሉ በዚያ ነበር፤ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው፣ ወፍራም፣ ጠርዙ ላይ ስሟ በቀይ ክር የተጠለፈበት። ሁሉንም አቅፋ ወደ ማሳው ወጣች። እንጨት ተከለችና ከተክል ወደ ተክል አንሶላዎቹን ወጠረች፤ የታቪዮዋን ተክል ደግሞ በአራት ጎን እስከ ታች ሸፈነቻት። እኔ ማሰሪያ አቀብላታለሁ። ለካናፓዎቹ አልጋ የምናነጥፍላቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

ጎረቤታችን ዴልፊኖ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አየን።

«ጊቲን! ሠርግ ነው እንዴ? እኛን ሳትጠሪ!»

«ለአንተ የሚሆን ወንበር የለም፣ ዴልፊኖ።»

«ተክል በአንሶላ ሲተኛ ዛሬ ገና አየሁ። ትራስም ጨምሪላቸው እንጂ!»

«ትራሱን ለአፍህ አስቀምጬዋለሁ።»

እሱ እየሳቀ ሄደ። እሷ አልሳቀችም። «በእኛ አገር፣ በተራራው፣ የበረዶ ደመና ሲመጣ እናቴ ወይኑን እንዲህ ነው የምታለብሰው» አለችኝ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ታዲያ ወይኑ ይተርፋል።»

የተራራ ሰው ስህተት ነበር። በተራራ ላይ ጠላት ከሰማይ ይወርዳል፤ የሸፈኑት ነገር ይድናል፤ ደመናው ሲያልፍ ሽፋኑ ይነሣል። በእኛ ሜዳ ግን ጠላቱ ከመሬት ነው የሚነሣው። እርጥበቱ ከአፈሩ ይተናል፣ መውጫ ሲያጣ በቅጠሉ መካከል ይተኛል። ጊቲን ዘጠኝ ዓመት ከእኛ ጋር ኖራ ይህን ሳትሰማ ቀርታ አይመስለኝም። ነገር ግን ሰው የሚወደው ነገር ላይ አደጋ ሲመጣ የሚያስታውሰው እናቱ ስታደርግ ያየውን ነው።

አያቴ ትኩሳቱ ሲለቃቸው ዝናቡም አብሮ አባራ። ካፖርታቸውን በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው፣ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ። ማሳው ጫፍ ሲደርሱ ቆሙ። ነጭ አንሶላ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ከውስጡ እንፋሎት ይወጣል። ከዚያ እነዚያ እግራቸውን ይጎትቱ የነበሩ ሽማግሌ ሮጡ። አንሶላዎቹን በሁለት እጃቸው እየያዙ ገነጠሏቸው። ጭቃ ውስጥ ጣሏቸው፤ ረገጧቸው። ጊቲን ባልዲዋን ጥላ መጣች።

ቀጥታ ሲነጋገሩ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

«አፈንሽው!» አሉ አያቴ። «በላዩ ላይ ልብስ ደርበሽ አፈንሽው!»

«ዝናቡ እየደበደበው ዝም ብዬ ልይ ኖሯል?»

«ዝናብ ምን ያደርገዋል? ዝናብ ወርዶ ይሄዳል። የሚገድለው የራሱ ትንፋሽ ነው!»

እኔ ከጋሪው ሥር ተደብቄ፣ አክስቴ ሰው አፍና ገደለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንን እንደ ሆነ ግን አልገባኝም።

ከዚያ አያቴ ቢላዋ፣ አቼቶ የሞላ ጣሳና በውሃ የተነከረ ጆንያ አስመጡ። ከአናቱ መካከል ጠውልጋ የገረጣች አንዲት ቅጠል ይፈልጋሉ። በሁለት ጣት ይስቧታል። ሳትታገል ከወጣች ከሥሯ አመድ የመሰለ ነገር አለ። ያን ጊዜ ከታመመው ክፍል አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው ይቆርጣሉ፤ ብናኙ ወደ ጤነኛው እንዳይሄድ ቀስ ብለው በእርጥቡ ጆንያ ይቀበሉታል፤ ቢላዋውን በአቼቶ ያብሱና ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ዛሬ በዓይነ ኅሊናዬ ሳየው ከዚያ የበለጠ ጥንቁቅ እጅ አላውቅም። ያኔ ያየሁት ግን አያቴ በቁጣ አንድ በአንድ አንገት ሲቆርጡ ነው።

በመጨረሻ ወደ ታቪዮ ተክል ደረሱ። ጊቲን መሀል ገብታ ቆመች።

«እሷን አይንኩብኝ።»

«ግማሿ ሞቷል።»

«ግማሿ አልሞተም!»

«እኮ ለዚህ ነው የምቆርጠው» አሉ።

 ከዚያ ጊቲን ፈቀቅ አለች። አያቴ የላይኛውን ክፍል፣ ያን ትልቁን፣ ያማረውን አናት ቆረጡት። ከታች ጥቂት ቅርንጫፎች ብቻ ቀሩ። ጆንያውን ነፋሱ ከማሳው ወደሚርቅበት ወደ ወንዙ ዳር ወስደው አቃጠሉት። ጭሱን እያየሁ ታቪዮ ከሩሲያ መንገድ ላይ ወደቀ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአያቴን ቃል አላደርስም ብዬ በልቤ ማልኩ።

እሑድ አባቴ መጣ። ወሬው ቀድሞት ጣቢያው ደርሶ ኖሮ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ጀመረ። እኔ ደረጃው ሥር ነበርኩ።

«ዴልፊኖ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥቶ ነገረኝ፣ አባባ። አገሩ ሁሉ እየሳቀብን ነው።»

«ይሳቅ።»

«ይኼ ማሳ ለማን ነው የሚጠበቀው? ኦዴኒኖዎች እንኳ በማሳቸው ዛፍ ተክለው ተገላገሉ። ገመድ እንደ ሆነ ዛሬ ፋብሪካው ነው የሚሠራው። ጊቲንም ገና ወጣት ናት፤ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ፣ ኑሮዋን ትጀምር። እዚህ ምን አላት?»

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«የተረፈው ፍሬ እስኪበስል ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም።»

ይህን ስሰማ አያቴ ጊቲንን ሊያስሯት እንደ ሆነ ገባኝ። የበሩ ቁልፍ በየትኛው ኪሳቸው እንዳለ ለማየት ሞከርኩ፤ ጊዜው ሲደርስ ሰርቄ ላስመልጣት። እውነቱ ሌላ ነበር። የሚቀጥለው ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የገመዱን ሁለተኛ ጫፍ የሚይዝ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ከመስኮቴ አየኋቸው። ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ እስከ ማሳው አጋማሽ ደርሷል። አያቴ በአንድ ጫፍ፣ ጊቲን በሌላው ጫፍ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ረጅም ገመድ ተወጥሯል። ሁለቱም ወደ ኋላ ተንጋለው ይጎትታሉ። በትምህርት ቤታችን በበዓል ቀን ትልልቆቹ ልጆች በገመድ ሲጓተቱ አይቼ ነበርና ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ ማሳው የማን እንደሚሆን እየተጣሉበት ነው። ያሸነፈ ማሳውን ይወስዳል። የተሸነፈ ወደ ተራራው ይሄዳል። በየማለዳው መስኮቱ ላይ ተንበርክኬ ጊቲን እንድታሸንፍ እጸልይ ነበር። አንዳቸውም አያሸንፉም። ከዳር እስከ ዳር ሄደው፣ ገመዱን ጠቅልለው፣ ሳይነጋገሩ ይመለሳሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። የታመመው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ፣ ፀሐይ ከመሞቋ በፊት ጤዛው ከተረፉት አናቶች መራገፍ አለበት። ውሃውን እንደ ተሸከሙ ፀሐይ ካገኛቸው ይሞቃሉ፤ ሞቅ ያለ እርጥበት ደግሞ ሻጋታው የሚጠብቀው ነው። ገመዱ የሚያልፈው በአናቱ ላይ ሳይሆን ከአናቱ በታች፣ በግንዱ አንገት ላይ ነው። ጠበቅ ብሎ ይደርስና በአንድ ጊዜ ንቅንቅ ያደርገዋል፤ ውሃው ይረግፋል፤ ፍሬው ግን አይረግፍም። ለዚህ ሁለቱ ሰዎች በእኩል ኃይል መሳብ አለባቸው። አንዱ ቢያላላ ገመዱ ረግቦ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ አንዱ ቢያጠብቅ ፍሬውን ያረግፋል። በዚያ ላይ በጉም ውስጥ አይተያዩም። የሌላውን እርምጃ፣ ድካም፣ ትንፋሽ የሚያውቁት በእጃቸው ነው። እነዚያ ሁለት ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ያልተናገሩትን በዚያ ገመድ ላይ ሲነጋገሩ እኔ ጠብ ነው ብዬ አየሁት።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጊቲን ከጭቃው አጥባ ያደረቀቻቸውን አንሶላዎች ወጥ ቤት ውስጥ ዘርግታ መቅደድ ጀመረች። ቀይ ክሩ ሳይቀር ሲቀደድ ሰማሁት። ልትሄድ ነው አልኩ፤ ሙሽርነቷን እያፈረሰች ነው። እሷ ግን ጨርቁን በቀጭን በቀጭኑ ቀድዳ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቀለለችው፤ ሻካራው ቃጫ የግንዱን ልጥ እንዳይፍቀው። ተሳስቻለሁ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። አያቴ የተጠቀለለውን ገመድ አነሡ፣ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ «ኤርሚኒያ፣ ጥሩ ነው በያት» አሉኝ። መሐላዬን ረስቼ አደረስኩ።

የመጨረሻው እሑድ፣ አባቴ ከዋዜማው መጥቶ ባደረበት ማለዳ፣ ጉሙ ከሁልጊዜው የከፋ ነበር። ከመስኮቴ ምንም ስላልታየኝ ካልሲዬን እንኳ ሳላደርግ ወረድኩ። የአያቴን ጀርባ አየሁ፤ ገመዱ ከእጃቸው ተነሥቶ ነጩ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ድንገት እግራቸው ከዳቸው። በጉልበታቸው ወደቁ፤ ከዚያ በፊታቸው። ገመዱን ግን አልለቀቁም፤ በጭቃው ላይ ትንሽ ጎተታቸው። ከጉሙ ውስጥ ደግሞ ጊቲን ገመዱን በእጅ በእጇ እየሰበሰበች፣ እየሮጠች፣ ወደ እሳቸው መጣች።

ወደ ቤት በረርኩ።

«አባዬ! ተነሥ! ጊቲን አባባን ልትገድላቸው ነው! አሸንፋቸዋለች!»

አባቴ በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ፣ በሌላው ባዶ እግሩን ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ስንደርስ ጊቲን ጭቃው ላይ ተቀምጣ፣ አያቴን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ከገመዱ በተረፈው የአንሶላ ቁራጭ ፊታቸውን ትጠርግ ነበር። ሁለቱም እኛን አላዩንም።

«እኔ ነኝ የላክሁት፣ ጊቲን» ይሉ ነበር አያቴ። «ጫካ ልግባ አለኝ። የካቫሊያ ልጅ አይደበቅም አልኩት። በዚህ አፌ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሊሄድ ሲል ነግሮኛል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት…»

«እርስዎ እስኪነግሩኝ እየጠበቅሁ ነበር» አለች። ቁራጩን ጨመቀችና እንደ ገና ጠረገቻቸው። «አሁን ይነሡ። ፀሐይ ሳትሞቅ የሚራገፍ ግማሽ ማሳ ይቀረናል። ገመዱን ይያዙ።»

ለመነሣት ሞከሩ። መልሰው ቁጭ አሉ። እኔ ከአባቴ ጀርባ ወጥቼ፣ ለሁሉም የሚበጅ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ጠየቅሁ።

«አባባ፣ የላኩት እርስዎ ከሆኑ ለምን አይጠሩትም?»

 ጊቲን ፊቷን ወደ ተክሎቹ አዞረች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ከአባቱ እጅ ገመዱን ወሰደ።

«ዝቅ አድርገህ ያዝ» አሉት አያቴ ከተቀመጡበት። «አናቱን እንዳትነካ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«አታውቅም። ጎማ የምትገጥም መሰለህ? እጇን ስማ።»

አባቴና ጊቲን ጉሙ ውስጥ ገቡ። አባቴ በአያቴ ምትክ ለገመድ ጉተታው የተሰለፈ ስለ መሰለኝ በጣም አዘንኩበት።

ከታቪዮ ተክል በዚያ ዓመት የተገኘው ፍሬ ከሙሽርነቷ ዕቃ የተረፈውን አንዱን የትራስ ልብስ እንኳ አልሞላም። ንጹሕ ነበር፤ አያቴ አሸተቱት፣ ጥርሳቸው ላይ ሰበሩት፣ ለጊቲን መለሱላት። አባቴ ከዚያ ወዲህ ስለ ዛፍ አላነሣም። ጊቲንም ወደ ተራራው አልሄደችም። በዚያው ቤት አረጀች፤ ዘሩንም አቅሟ እስኪያልቅ በየዓመቱ ዘራችው፤ ከእሱ ከፍላ ለአንድ የዘር ማራቢያ ጣቢያ ሰጠች። ኒኮሎ ዛሬ ያበቀለው ከዚያ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። እሱ «ማስረጃ የለም» ይላል። ይበል።

ባለፈው ሳምንት በሬን አንኳኳ። በእጁ አንድ ትልቅ አናት ይዟል፤ ከውጭ ለምለም ነው። በሁለት ጣቴ አንዲት የገረጣች ቅጠል ሳብኩ። ሳትታገል ወጣች። ከሥሯ አመድ ነበር።   ወንበር ሰጠሁት፤ ሲቀመጥ ዕድሜው ሁሉ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ የሰባት ዓመት ልጅ መሰለ።

«ስንቱ ነው?» አልኩት።

«ከበሩ በኩል ያለው ሁሉ። የመሀሉን አላየሁም። ለማየት ፈራሁ።»

«አቼቶ አለህ?»

«አለ።»

«ጆንያውን ውሃ ንከረው። መጀመሪያ የታመመውን እናወጣለን። ላስቲኩን ዛሬውኑ አንሣው።»

«አንሥቼዋለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁልጊዜ የሚነግሩን የዚያ ገመድ ነገር… አለ እንዴ እስከ ዛሬ?»

ከቆጡ ላይ ራሴ አወረድኩት። ማንም እንዲያወርድልኝ አልፈቀድኩም። አንሶላው ቢጫ ሆኗል፤ በአንድ ቦታ ላይ ቀይ ክር እስከ ዛሬ ይታያል።

የታመመውን ቆርጠን ለመጨረስ ቀኑ አልበቃንም፤ ማግስቱን ጨመርንበት። በሦስተኛው ማለዳ በዚያው ማሳ ዳር ቆምኩ። ወገቤን ቀና አድርጌ፣ ሁለት እጄን ገመዱ ላይ አጠበቅሁ። ኒኮሎ ሌላውን ጫፍ ይዞ ወደ ጉሙ ገባ፤ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጠፋ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ገመዱ ረገበ። አጠበቅሁት። በሁለተኛው እሱ አብዝቶ ሳበ። አላላሁለት። በሦስተኛው እርምጃው ወደ እርምጃዬ መጣ፤ አናቶቹ በአንድ ጊዜ ንቅንቅ ብለው ውሃው በመሬት ላይ ሲረግፍ ሰማሁ። ከዚያ ገመዱ ቆመ። በእጄ ውስጥ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

«እትዬ!» አለ ከነጩ ውስጥ።

«ምን ሆንክ?»

«ተሳስቼ ነበር። አፍኜ የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»